ፊምቶ ፍለጋ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሰንበቴ

ሐሙስ፣ ግንቦት 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን

ትናንት ልደታ ነበር። ከጎረቤት ጋር ደጅ ወጥተን ንፍሮ በላን፤ ቡናው እስከ ማታ ቆየ። ቤት ገብቼ ቀን መቁጠሪያውን ሳየው ረመዳን ሊገባ ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ደነገጥኩ። አምና ጅዳ ኤርፖርት ወለሉ ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ ለእህቴ ቃል ገብቼላታለሁ። "አገር ቤት የመጀመሪያውን ረመዳንሽን በፊምቶ ነው የምታፈጥሪው" ብያታለሁ።

እህቴ የምላት የሥጋ እህቴ አይደለችም። እሷ የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት፤ ሙስሊም። እኔ የደብረ ብርሃን፤ ክርስቲያን። ጅዳ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ነበር የምንሠራው። እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ አምስተኛ ፎቅ። የተዋወቅነው ጣሪያው ላይ ልብስ ስናሰጣ ነው። በመጋቢት 2009 የሳዑዲ መንግሥት የ90 ቀን ምሕረት አውጆ፣ በኋላም ሲያራዝመው፣ ሐምሌ ላይ አብረን ተመለስን።

ፊምቶ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጥቁር ወይን ጠጅ መልክ ያለው ወፍራም ሽሮፕ ነው። የሚመጣው በትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ነው፤ 710 ሚሊ ሊትር ይይዛል። እንዲሁ አይጠጣም፤ በውሃ ይበጠበጣል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው "ቪምቶ" የሚል ነው። ዐረብኛ ግን "ቨ" የሚል ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ፊምቶ ይሉታል። እኛም ከእነሱ ሰምተን ፊምቶ አልነው።

የዐረብ መጠጥ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ጆን ኖኤል ኒኮልስ የሚባል ሰው ነው የቀመመው። ወይን፣ ራዝቤሪና ብላክከረንት የሚባሉ ፍሬዎች፣ ከዚያ ዕፅዋትና ቅመም። መጀመሪያ ስሙ "ቪም ቶኒክ" ነበር፤ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ ነው የተሸጠው። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ አውጃን የሚባል የነጋዴ ቤተሰብ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች አስገባው። ዛሬ ደማም ከተማ ውስጥ ይመረታል። ረመዳን ሲመጣ ያለሱ የሚያፈጥር ቤት አላየሁም። ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ፊምቶ።

ማዳም ቤት የመበጥበጡ ሥራ የእኔ ነበር። ከሰዓት በኋላ ትልቁን ጃግ አውጥቼ አንድ እጅ ፊምቶ፣ አራት እጅ ውሃ፣ ከዚያ በረዶ። የመጀመሪያው ቀን ማዳም "ቅመሺው" አለችኝ። አንዴ ስጎነጨው ዓይኔ እንባ ሞላ። እንጆሪ ነው! ልጅ ሆነን ከወንዙ ዳር፣ ከአጥር ሥር እየለቀምን አፋችን እስኪጠቁር የምንበላው እንጆሪ። እሾኹ እጃችንን እየቧጨረን። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ባዕድ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የደብረ ብርሃን ክረምት አፌ ላይ መጣ።

ሌሊት ሥራ ሲያልቅ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የተረፈውን በላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ጣሪያ እወጣለሁ። እህቴም ከሦስተኛ ፎቅ ትወጣለች። ከታጠበ ልብስ መሀል ተቀምጠን እንጠጣለን። ከንጋት ጀምሮ መጀመሪያ የምንቀመጠው ያኔ ነበር። እግራችንን ዘርግተን ስለ አገር እናወራለን። እሷ ስለ ማንጎ፣ እኔ ስለ ውርጭ።

ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ከትቼ ነበር። አንዱ መስከረም ሳይጠባ አለቀ። ሁለተኛውን ቆጥቤ ቆጥቤ ታኅሣሥ ላይ ጨረስኩት። ውርጩ ሲበረታ በሙቅ ውሃ ነበር የጠጣሁት። እንግሊዞችም በብርድ ጊዜ እንደዚያ ያደርጉታል። በሙቅ ውሃ ቅመሙ ጎልቶ ይወጣል። ጉንፋን ለያዘው ሰው ከልቤ እመክረዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከጠባሴ ጀምሬ ወደ መሀል ከተማ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ደብረ ብርሃን መጠጥ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ሐበሻም ዳሽንም እዚሁ ይጠመቃሉ። ለስላሳውም ሞልቷል፤ ኮካ፣ ሚሪንዳ፣ ስፕራይት። ፊምቶ ግን የሚያውቀው የለም። አንድ ባለሱቅ ልጅ "መድኃኒት ነው እንዴ?" አለኝ። ያን ያህል አልተሳሳተም፤ እንግሊዝ አገር መጀመሪያ ሲወጣም በመድኃኒት መልክ ነበር የተመዘገበው።

አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ራኒ አገኘሁ። እሱም የዐረብ አገር መጠጥ ነው፤ ውስጡ የተቆራረጠ ፍሬ አለው፤ ቆርቆሮውን ስትነቀንቁት ይሰማል። የፒች ገዛሁ፤ 40 ብር። ጎኑ ላይ ያለው ዐረብኛ ጽሑፍ ብቻ ደስ አለኝ። ማልትም ቀመስኩ። ሶፊ ማልት እዚያ ለምንጠጣው ባርቢካን ቅርብ ነው። ባርቢካን የናፈቃችሁ ብዙ አትድከሙ፤ ቀዝቅዞ ከተሰጣችሁ ያረካችኋል። ለፊምቶ ግን ምትክ አላገኘሁለትም።

ማታ አንዲት ጎረቤቴ "ሙስሊሞች ወዳሉበት ውረጂ እንጂ፣ እዚህ ምን ያዞርሻል?" አለችኝ። ልክ ናት። ነገ አርብ ነው። አልዩ አምባ ገበያ ነው።

አርብ፣ ግንቦት 3። አንኮበርና አልዩ አምባ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። ቅጥቅጡ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆምን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከአጠገቤ አንድ አባት ጋቢያቸውን ግማሹን አለበሱኝ፤ "ልጄ፣ እንዲህ ሆነሽ ነው አንኮበር የምትሄጂው?" አሉኝ። አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከታች ምድሩ ሁሉ በጉም ተሸፍኗል።

አንኮበር ብዙ አልቆየሁም። የሣህለ ሥላሴና የምኒልክ መቀመጫ የነበረውን ተራራ ከሩቅ ሳምኩት። ከዚያ በሌላ መኪና ቁልቁል። መንገዱ ይጠመዘዛል፤ በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል። አጋማሽ ላይ ሹራቤን አወለቅኩ። አልዩ አምባ ስደርስ ነጠላዬም ከበደኝ።

ይህች ትንሽ ከተማ ትገርመኛለች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከባሕር ማዶ ወደ ሸዋ የሚመጣ ዕቃ በዚህ በኩል ነበር የሚገባው። ከታጁራ የተነሣው ቅፍለት አፋርን አቋርጦ፣ ግመሉን እዚህ ታች ላይ ያራግፋል። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡና ይነገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ገጸ በረከት ጭኖ በዚህ በኩል ነው ወደ አንኮበር የወጣው። ለደገኛው የባሕር ማዶ ዕቃ መጀመሪያ የሚሸተው እዚህ ነበር። እኔም የእንግሊዝ ቅመም፣ የዐረብ ጠርሙስ ፍለጋ እዚሁ መምጣቴ ልክ መሰለኝ።

ገበያው ሞቅ ብሏል። የአርጎባ ሴቶች ጥጥ ዘርግተዋል፤ በርበሬው ያስነጥሳል። ከመስጊዱ አለፍ ብሎ አንድ ሱቅ አየሁ። መደርደሪያው ላይ ታንግ፣ የዐረብ ሩዝ፣ ጥቁር አዝሙድ። ልቤ መታ።

"ፊምቶ አለህ ወንድሜ?"

ሰውየው ቀና አለና ፈገግ አለ። "አንቺም ከዚያ ነሽ?"

ሪያድ ነበር እሱ። ስምንት ዓመት። ምን እንደሆነ ማስረዳት ሳያስፈልገኝ የገባው የመጀመሪያው ሰው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ "ምንድን ነው?" ስባል ቆይቼ፣ አንድ ሰው ቃሉን እንደኔ ሲጠራው ስሰማ ደከመኝ፤ የቡና ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ።

ግን አልቋል። "አምስት ጠርሙስ ነበረኝ" አለ። "ትናንት የመጨረሻውን ሸጥኩ። ረመዳን መጣ እኮ! ዕቃው በመኪና ተጭኖ አይደለም የሚመጣው። ከዚያ የሚመለስ ሰው በሻንጣው ሁለት ሦስት ይዞ ይመጣል፤ ግማሹን ለቤተሰቡ ይሰጣል፣ ግማሹን ለኛ ይሸጣል። አብሽሪ፣ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ውረጂ። እዚያ አታጪም።"

ሻይ ጋበዘኝ። ቅርንፉድና ሄል የበዛበት ሻይ። ሂሳብ አልቀበልም አለ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አርብ አይጾምም፤ መንገድ ላይ የያዝኩትን ዳቦና ቅቤ በልቼ ወደ ላይ ተመለስኩ። ደብረ ብርሃን የገባሁት ከመሸ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 4። በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት

በደሴ መስመር የሄደ ሰው ጣርማ በርን ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያኖች ተራራውን በስተው የሠሩት ዋሻ ነው። በዚህ በኩል ብርድ፣ በዚያ በኩል ጉም። ሹፌሩ መብራት አብርቶ ገባ፤ ሴቶቹ አማተቡ። እኔም አማተብኩ። ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ነጭ አደረገው፤ ከፊታችን ያለው መኪና እንኳ አይታይም።

ደብረ ሲና ስንቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ለእህቴ እናት ሁለት ጣሳ ገዛሁ። የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይገዙ ማለፍ ነውር ነው። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ አያልቅም። ጆሮዬ ተደፈነ። ሸዋ ሮቢት ስንገባ የሮቢ ወንዝ ዳር የሽንኩርቱ ማሳ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሙቀቱ እንደ ጅዳ ፊት ላይ መጣ።

እህቴ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ጁስ ቤት ከፍታለች። ማንጎና ፓፓያ ትፈጫለች። አንድ ፍሪጅ አላት፤ በዚያው በለፋችበት ገንዘብ የገዛችው። ስታየኝ የያዘችውን ቢላ ጥላ መጣች። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ወፍራለች። ሳቋ ተመልሷል። እዚያ ሳለን አፏን በእጇ ሸፍና ነበር የምትስቀው።

ለምን እንደመጣሁ አልነገርኳትም። "ናፍቀሽኝ ነው፤ ደግሞ ሰንበቴ ገበያን አይቼው አላውቅም" አልኳት።

ማታ ቤታቸው እራት ስንበላ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። የፊምቶ ጠርሙስ! ልቤ ዘለለ። ጠጋ ብዬ ሳየው ውስጡ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነው። እህቴ አየችኝ።

"ያመጣሁትን ባንድ ሳምንት ጨረሱት" አለች። "ልጆቹ ናቸው። ጠርሙሱን መጣል ግን እንቢ አለኝ።"

እሁድ፣ ግንቦት 5። ሰንበቴ

ሰንበቴ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። በአስተዳደር የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ብትሆንም፣ ለዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ የእሁድ ገበያው ናት። አፋሩ ግመሉን ነድቶ ይመጣል፤ አርጎባው ጥጥና ቡናውን፣ ኦሮሞው ቅቤና ከብቱን፣ አማራው ከደጋ እህሉን። አራት ዓይነት ልብስ፣ አራት ዓይነት ጌጥ ባንድ ሜዳ ላይ ታያላችሁ። ዋጋ ሲጠሩ ግን ሁሉም ይግባባሉ። ይህን ገበያ ያላየ የሸዋ ሰው አንድ እሁድ መስጠት አለበት።

እኔ ግን ዓይኔ ጠርሙስ ላይ ነው። ግመሎቹን አልፈን፣ የጨውና የቅቤውን ተራ አልፈን፣ ልባሽ ጨርቅ ተራ ጋ ደረስን። አንድ ወጣት ሸራ ላይ ሽቶ፣ ሳሙናና ሻምፑ ዘርግቷል። መሀሉ ላይ ፊምቶ ቆሟል። ሦስት ጠርሙስ።

እህቴ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። "ለዚህ ነው የመጣሽው?" አለች። መልስ አልሰጠሁም። እጄን ጨበጠችው።

"ስንት ነው?"

"መቶ ሰማንያ።"

ረከሰብኝ። ብሩን ላወጣ ስል እህቴ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደችው። ፀሐይ ላይ አነሣችው። ክዳኑን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ማሸጊያው የለም። ከፍታ አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄ ቀለም ነው ወንድሜ። ስኳርና ቀለም። ጠርሙሱ ብቻ ነው የፊምቶ።"

ልጁ ቃል አልመለሰም፤ ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ ኋላ አስቀመጠው። እኔ በጣም አዘንኩ። ለገንዘቡ አይደለም። ጾም ውሎ ለሚያፈጥር ሰው ቀለም መሸጥ ከባድ ነገር ነው። ፊምቶ የምትገዙ ሰዎች እባካችሁ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ የክዳኑን ቀለበት እዩ፤ ያልተሰበረ መሆን አለበት። ቀጥላችሁ ቀኑን አንብቡ። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሡት፤ እውነተኛው ጠቆር ብሎ ወፍራም ነው፣ ሲገለብጡት እየተሳበ ይወርዳል። ደማቅ ቀይ ሆኖ እንደ ውሃ ከተንጫለለ ተዉት።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሁለት ዙር ዞርን። ተስፋ ቆርጬ "ቆሎ ገዝተን እንሂድ" ስል፣ እህቴ አንዲት ሴት ጋ ቆማ በዐረብኛ ስታወራ አየኋት። ሴትዮዋ ጥቁር አባያ ለብሳ፣ ዣንጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከፊት ለፊቷ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው፤ የሕፃናት ዱቄት ወተት፣ የሶላት ምንጣፍ፣ ተምር። ከበርጩማዋ ሥር ካርቶን ሳበች። አራት ጠርሙስ። ክዳናቸው ያልተነካ።

"የት ነበራችሁ?" አለችን።

"ጅዳ።"

"እኔ ደማም ነበርኩ" አለች። "ይሄ የሚሠራበት ከተማ።" ጠርሙሱን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። "ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ነው ይዞት የገባው። እናንተ ባትመጡ ለቤቴ ላስቀረው ነበር።"

ዋጋው 250 ብር። አልተከራከርኩም። ሁለት ወሰድኩ። እሷ ራሷ ከእያንዳንዱ 20 ብር መለሰችልኝ። "ለረመዳን ነው" አለች። እምቢ ብል እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ "ተቀበያት፣ ምንዳዋን አትከልክያት" አለችኝ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ መብራት ጠፍቷል። ፍሪጁ ውስጥ በረዶ የለም። እህቴ ተበሳጨች፤ "ያለ በረዶማ አይሆንም" አለች። እናቷ ግን ከጓዳ ከገንቦ ውሃ ቀድተው መጡ። የገንቦ ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ረስቼው ነበር። በዚያ ሙቀት ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ውስጥ የዋለ፣ አፈር አፈር የሚሸት፣ ጥርስ የሚነካ ውሃ።

ጃጉን ሰጡኝ። መበጥበጡ አሁንም የእኔ ሥራ ነው። አንድ ለአራት። ልጆቹ ዙሪያዬን ቆመው ጥቁሩ ሽሮፕ በውሃው ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ያያሉ። መጀመሪያ ለእናትየው ቀዳሁላቸው።

"እስቲ ይቅመሱልኝ እማማ።"

ጎንጨት አሉና አፋቸውን አጣጣሙት። "ብርዝ ነገር ነው" አሉ። "ግን ማሩ ሌላ አበባ የቀሰመ ነው።"

እኔና እህቴ ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። እግራችንን ዘረጋን። የመጀመሪያውን ስጎነጭ እንጆሪ እጠብቅ ነበር። እንጆሪ አልመጣም። የመጣው ጣሪያው ነው፤ የርጥብ ልብስ ሽታ፣ የኤሲው ድምፅ፣ ከሩቅ የሚሰማው የሌሊት ሶላት። እዚያ ሳለሁ አገሬን አፌ ላይ ያመጣልኝ የነበረው መጠጥ፣ አሁን ሸዋ ሮቢት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እነዚያን ሌሊቶች አመጣልኝ። ክፉ ሌሊቶች ነበሩ፤ ግን እሷ ነበረችበት። ቀና ስል እሷም ዝም ብላ ብርጭቆዋን ታያለች።

"ልብሱ ይደርቃል ብለን እኮ ነበር የምንቀመጠው" አለች።

"አዎ።"

"አንድም ቀን ጠብቀነው አናውቅም።"

ሁለተኛውን ጠርሙስ ሳንከፍት አስቀመጥነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 6

ጠዋት መኪና ልሳፈር ስል እናትየው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ደረሱብኝ። ያ የመደርደሪያው ጠርሙስ ነው፤ እስከ አፉ በጥቁር አዝሙድ ዘይት ተሞልቷል።

"ዕቃ አምጥተሽ ባዶ እጅሽን አትሄጅም" አሉኝ። "ለብርዱ ደረትሽን ቀቢው፤ ኑሪልኝ ልጄ።"

ጣርማ በር ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9። ደብረ ብርሃን

ረመዳን ዛሬ ገባ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ፣ ሳህን ይንኳኳል።

"መብራት አለ፣ በረዶም አለ" አለችኝ እየተቻኮለች። "ቶሎ ንገሪኝ፣ አዛን ሊል ነው። አንድ ለስንት ነበር የምትበጠብጪው?"